በሰልፈኛ የሚሞላው ባትሪ

ትናንት ሌሊት አይደለም፤ ትናንት በጠራራ ፀሐይ ነው የላዳ ሹፌሩ ውብሸት ሕልም ያየው። የት? ቤንዚን ሰልፍ ላይ። ሁለት ቀን ሙሉ መሪ ላይ ተደፍቶ የከረመ ሰው ሌላ የት ሆኖ ሊያልም ኖሯል? ከፊቱ የቀሩት አራት መኪኖች ብቻ ነበሩ። እህቱ አስካለ በማግስቱ ጠዋት ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል መድረስ አለባት። አንድ ቀን ካለፋት እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ላዳዋ ውስጥ ደግሞ የቀረው የቤንዚን ሽታ ነው። «አደራ እንዳትተኛ፣ ተራህን ያልፉሃል» ብላው ነበር በስልክ። እሱ ግን ተኛላችሁ።

ገና ከመተኛቱ ማደያው ሆስፒታል ሆነ። አልጋው ላይ የተኛው ግን ሰው አልነበረም፤ መኪና ነበር። ቀይ፣ ጠፍጣፋ፣ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው መኪና። ነጭ አንሶላ አልብሰውታል፤ ቤንዚን በግሉኮስ ቱቦ ጠብ ጠብ ይልለታል፤ አራት ነርሶች ጎማውን በጥጥ ይጠርጉለታል። በሽተኞቹ ውጭ ጋራዡ ውስጥ በክሪክ ተነሥተው ተንጠልጥለዋል። አስካለም እዚያው ናት፣ ክሪክ ላይ ሆና ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«እቴ፣ እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ዘይት ሊቀይሩልኝ ነው አሉ» አለችው። «መኪናው እስኪነቃ ጠብቂ ብለውኛል።»

ወዲያው ነጭ ገዋን የለበሰ አህያ ብቅ አለ። መነጽር አድርጓል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ዋና መሐንዲሱ እሱ ነው። ጉድ እኮ ነው! ዕድሜ ልኩን አህያ በክላክስ ሲያባርር የኖረ ሰው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«ከዚህ መኪና የተሠራው ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ ነው» አለ አህያው ኮራ ብሎ። «አርባኛውን እንዳንሠራ ለምነውን።»

«እነማን?»

«ሠላሳ ዘጠኙ ገዢዎች ናቸዋ! አርባኛ ሰው ከያዘው እነሱ ምኑን ያዙት?»

«ጉልበቱስ?»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ የፈረስ ጉልበት» አለና አህያው ፊቱ ጠቆረ። «የፈረስ! አሸዋውን፣ ሲሚንቶውን፣ ድንጋዩን ስንሸከም የኖርነው እኛ፤ ስሙ ለፈረስ! እኛን እስቲ ማን ለካን?» ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ ደግነቱ ነርሷ ገለባ አጎረሰችው።

ከዚያ ማስረዳቱን ቀጠለ። መኪናው ሃይብሪድ ነው፤ ከኋላ አንድ ትልቅ የቤንዚን ሞተር፣ ከፊት ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉት። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ባትሪው ይሞላል። ውብሸት ይህንን ሹፌሮች ሲያወሩ ሰምቶታል፤ እንዳወቀ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«እሱስ ገብቶኛል። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ነው አይደል?»

«መኪናው ለምን ይይዛል? እናንተ ስትይዙ ነው እንጂ!»

አህያው መጋረጃውን በጥርሱ ሳበው። ወይ ጉድ! ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሁሉ ሰልፍ ነው። የቤንዚን ሰልፍ፣ የዘይት ሰልፍ፣ የመታወቂያ ሰልፍ፣ የታክሲ ሰልፍ፤ ከየሰዉ ቁርጭምጭሚት ቀጭን ሽቦ ወጥቶ እስከ አልጋው ድረስ ተዘርግቷል።

«ሰው በቆመ ቁጥር ባትሪው ይሞላል» አለ አህያው። «አንድ ቢሮ ‹ሲስተም የለም› ባለ ቁጥር አሥር ኪሎ ሜትር እናገኛለን። ሰኞ ሰኞማ ሞልቶ ይፈስሳል!»

ውብሸት ቁርጭምጭሚቱን አየ። ሽቦው አለ። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ የሚያሳክከው ትንኝ አልነበረም።

«ፍጥነቱንስ ልንገርህ?» አለ አህያው። «ከዜሮ ተነሥቶ በሁለት ሴኮንድ ተኩል መቶ ይደርሳል።»

«ከዚያስ የት ይደርሳል?»

አህያው መነጽሩን አውልቆ ትክ ብሎ አየው። «ይህንን የጠየቀን ገዢ የለም» አለ።

ሙከራው ተጀመረ። አልጋው መንገድ ሆነ፣ ነርሶቹ ትራፊክ ፖሊስ ሆኑ። መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ሆዱ እንዳይጫጫር ተብሎ ከተማው ነው በሥሩ የሚሮጠው። ቀበሌው እልም አለ። ገበያው ከነሻጩ እልም አለ። የአስካለ ሆስፒታል ከነአጥሩ ሲመጣ ታየ።

«አቁሙልኝ! እዚህ ጋ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ ውብሸት። ሆስፒታሉ ግን በሁለት ሴኮንድ ተኩል አልፎ ሄደ።

«ባትሪው ጎደለ!» አለ አህያው። «ብዙ የቆመ ሰው አምጡ!»

ነርሶቹ ሁሉም ወደ አስካለ ጠቆሙ። አራት ዓመት የሚተካላት ኩላሊት የጠበቀች ሴት ከየት ይገኛል! ሽቦውን በሁለቱም እግሮቿ ሰኩት።

«ተዋቸው ወንድሜ» አለች። «እኔ እንደሆነ መጠበቅ ለምጃለሁ።»

ይሄኔ ውብሸት የአህያውን ገዋን አንቆ ያዘ። «አሥር ሊትር ስጠኝ! አሥር ሊትር ብቻ! ላድርሳት!»

«አንተ ሞኝ» አለ አህያው፣ ሳይቆጣ። «አሥር ሊትር ከሰጠንህ መቼ ትቆማለህ? ካልቆምክስ ባትሪው በምን ይሞላል?»

ጓ ጓ ጓ! መስኮቱ ተንኳኳ።

«ጋሽ ውብሸት! ኧረ ተነሡና እንግፋ!» ከኋላው የተሰለፈው የሚኒባስ ሹፌር ከድር ነበር።

ውብሸት ዓይኑን እያሸ ወረደ። ቀይ፣ ጠፍጣፋ መኪና በመውጫው በኩል ገብቶ፣ ከሁሉም ቀድሞ ቀድቶ፣ ሊወጣ ሲል ማደያው በር ላይ ካለው ጉብታ ላይ በሆዱ ተንጠልጥሏል። ቀጂው ደግሞ «ቤንዚን የለም» የሚለውን ካርቶን እየሰቀለ ነው። ሃያ ሹፌር መኪናውን ከቧል። ውብሸትም ሄዶ እጁን አሳረፈ፤ የለመደበት ነዋ።

ባለቤቱ ወጣት ነው። መስታወቱን በጣት ስፋት ዝቅ አደረገ። «ፋዘር፣ ቀስ በሉ፣ እንዳይጫጫር!»

«ሞላህ ወይ?» አለው ውብሸት።

«ሙሉ ነው። ግን ሃይብሪድ ስለሆነ ቤንዚን እምብዛም አይፈልግም።»

ውብሸት እጁን ከመኪናው ላይ አነሣ። «ከድር፣ እጅህን አንሣ። ሁላችሁም አንሡ» አለ። ሃያው ሰው እጁን አነሣ። «ወንድሜ፣ ሁለት ዓይነት ሞተር አለህ አይደል? በባትሪው ቤትህ ግባ፤ ቤንዚኑን ለኛ አካፍለን። ያን ጊዜ እንገፋሃለን።»

ወጣቱ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ጋዝ ሰጠ፤ ያ ሁሉ ጉልበት ጎማውን አየር ላይ አዞረው። በኋላ መስታወቱን እስከ ታች ዝቅ አደረገውና፣ «ስንት ሊትር?» አለ ቀስ ብሎ።

«አሥር አሥር፣ በተራ፣ እስከደረሰ ድረስ!» አለ ከድር።

ውብሸት ከላዳዋ የኋላ ኮፈን ጄሪካኑንና የጎማ ቱቦውን አወጣ። ከፊቱ ለነበሩት ለአራቱ ሳበላቸው። በአምስተኛው የራሱ ተራ ደረሰ። ቱቦውን አፉ ውስጥ ከትቶ ሳበ። ቤንዚኑ ምላሱን አቃጠለው፣ ጉሮሮውን ዘጋው፣ እንባ በእንባ አደረገው። እንትፍ ብሎ ተፋና ቱቦውን ጄሪካኑ ውስጥ ሰደደ።

«ተመስገን» አለ፣ «ሕልም አይደለም።»