ለቀቀ

አማርኛችን ደግ ነው፤ አንዱን ቃል ለሁለት ጎረቤት ያውሳል። በተለይ እኛ ጎጃሞች፣ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ከያዘ ያልተማረ ይመስለናል። እኔም ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሼ የተመለስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ብየዳ ቤት ገብቼ እንኳ ቃል የማገላበጥ አመል አልተወኝም። እስቲ ፍረዱኝ፤ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ «ለቀቁ!» ብለን ሰፈሩን በእልልታ እናቀልጠዋለን። መልቀቅ እንዲህ ደስ የሚያሰኝበት ሌላ አገር መኖሩን እንጃ።

የእህቴ ባል ጥላሁን፣ ደብረ ማርቆስ ላለችው ብረታ ብረት ቤታችን ማግኔት ድሪል ያስመጣ ጊዜ የሳቅሁትም በዚሁ ነው። ማሽኑ ወፍራም ብረት ላይ በማግኔት ተጣብቆ ይበሳል። ማግኔቱ ደግሞ የሚሠራው በመብራት ነው። እንግዲህ መብራት ሲለቁ ማሽኑ ይይዛል፤ መብራት ሲይዙ ማሽኑ ይለቃል።

«ይሄ ነገር ለኛ አገር አልተፈጠረም» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው ሰንሰለት ያለው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ጥላሁን ሥራውን ያውቃል፤ ዝገቱና ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይጠራል፣ ማሽኑ ይቀመጣል፣ ማግኔቱ ቢለቅ እንኳ እንዳይወድቅ በሰንሰለት ከብረቱ ጋር ይታሰራል፣ ከሥሩ ሰው አይቆምም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማወቅማ መች ቸግሮን ያውቃል!

ጮቄ ተራራ ሥር ካለችው ሮብ ገበያ ከተማ የድንች መጋዘን ልንሠራ የሄድን ዕለት ሰንሰለቱ አልነበረም። የት ነበር ትሉኝ እንደሆን፣ ማርቆስ፣ የሱቃችን በር ላይ። ማሽኑን ሌባ እንዳይወስደው በራሱ በማሽኑ ሰንሰለት በሩን እንቆልፍ ነበር፤ ያን ዕለትም ማሽኑን ጭነን ባዶውን ቤት ጥርቅም አድርገን ቆልፈን መጣን። ጥላሁን ትዝ ያለው መወጣጫው ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

«በቃ፣ ለዛሬ ምን ይሆናል!» አለ።

ይህችን ብለው የዳኑ ብዙ ናቸው፤ ያልዳኑት አይናገሩም።

መብራት ጠፍቶ ነበር። እኔና ሁለቱ ሠራተኞች የጮቄ ነፋስ ጆሯችንን እየገረፈው፣ መሬት ቁጭ ብለን «ለቀቁ» እስኪባል እንጠብቃለን። ለካ መጥቶ ኖሯል። ጥላሁን የማሽኑ መብራት ቦግ ሲል አይቶ፣ ለእኛ ሳይናገር ማሽኑን ከመጋዘኑ አግዳሚ ብረት ጎን ለጥፎታል። ገና መብሳት ሳይጀምር መብራቱ መልሶ ሄደ። ማግኔቱ ሲከዳው ማሽኑን በሁለት እጁ አቀፈና ጮኸ፦

«ለቀቀ! ኧረ ለቀቀ!»

እሱ በግዕዝ የተናገረውን እኛ በካዕብ ሰማነው። ቀ እና ቁ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ነፋሱ እሷን ጨመረባት። «ለቀቁ! እሰይ!» ብለን ብድግ አልን። አጨበጨብን። ይባስ ብለን ሲበሳ እንየው ብለን ሄደን ከሥሩ አንጋጠን ቆምን። እሱ ይጮኻል፤ እኛ እናጨበጭባለን። እንዲህ ያለ መደንቆር ጠላትም አይግጠመው። ማሽኑ እየከበደው ሄዶ ቀኝ እጁን ከመወጣጫው ብረት ጋር ጨፈለቀው። የገባን ደሙ ሲንጠባጠብብን ነው። ያን ጊዜ ተንጠላጥለን ወጥተን ተቀበልነው።

ሐኪሙ፣ እጁ አይቆረጥም፤ ጣቶቹ ግን ከእንግዲህ አይታጠፉም አለ። ለብረት ሠሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጠያቂው ሁሉ እየመጣ ከንፈሩን ይመጣል፤ በር ላይ ሲደርስ ደግሞ «አይ ንብረት! ምናለ ብረቱን ወርውሮ እጁን ቢያተርፍ!» ይላል። እህቴ እንኳ ሳትቀር እያለቀሰች እንደሱ ብላዋለች። እውነቴን ነው፣ እኔም በልቤ ታዝቤዋለሁ። ሆዴ አልችል ቢለኝ አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅሁት።

«ጥላዬ፣ ምን ነካህ? ለምን አልጣልከውም?»

ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ትክ ብሎ አየኝ።

«የት ላይ፣ ወንድምዓለም?» አለኝ።