ስለ ሁለት የጠፉ ጎነ ሦስቶች የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ የወሩ የመጨረሻ ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡10
ቦታ፦ የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል (የአዳራሹ ቁልፍ ስላልተገኘ)

የተገኙ፦
1. ርእሰ መምህሩ፣ ሰብሳቢ
2. የንብረት ተቆጣጣሪው
3. አናጢው
4. እትዬ፣ ዛሬ ጡረታ የሚወጡት የንብረት ክፍል ኃላፊ
5. የስፖርት መምህሩ፣ ጸሐፊ (አርፍዶ በመግባቱ የተመረጠ)

ያልተገኙ፦ የሒሳብ መምህሯ፣ ፈተና ላይ ስለሆኑ። ጉዳዩ የንብረት እንጂ የሒሳብ አይደለም ስለተባለ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ጎደለው ንብረት

ተቆጣጣሪው እንዳስረዱት፣ የእንጨት ጎነ ሦስቶች የሚቀመጡበት ቁም ሳጥን ዘጠኝ መሳቢያ አለው። ከላይ ወደ ታች በጎን ይለያል፤ ሦስቱም ጎን እኩል፣ ሁለቱ ብቻ እኩል፣ አንዱም ከአንዱ የማይገጥም። ከግራ ወደ ቀኝ በማዕዘን ይለያል፤ ሁሉም ሹል፣ አንዱ ልክ ዘጠና ዲግሪ፣ አንዱ ከዘጠና የሰፋ። ሰባቱ መሳቢያዎች ሞልተዋል። «ሦስቱም እኩል፣ ባለ ዘጠና» እና «ሦስቱም እኩል፣ የሰፋ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ሁለቱ ግን ባዶ ናቸው። ስለዚህ የርክክቡን ወረቀት አልፈርምም ብለዋል።

እትዬ መሳቢያዎቹ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ እንደነበሩ፣ ልጃቸው እንደወለደችና ወደ እሷ የሚወስዳቸው የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ቆሞ እንደማይጠብቃቸው ገልጸዋል። ተቆጣጣሪው «እትዬ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን መሳቢያ በከንቱ አይሠራም» ሲሉ መልሰዋል። ቤቱ ሁሉ ወደ አናጢው ዞሯል። አናጢው «ሦስት በሦስት ሲሆን ያምራል ብዬ ነው» ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣
ውሳኔ 1፦ የጎደሉት ሁለቱ አሁኑኑ ተሠርተው ይተኩ።

አጀንዳ 2፦ ስለ መተካት

አናጢው ሦስት እኩል ዘንጎች ገጣጠሙ፤ ማዕዘኑ ስድሳ ወጣ። ተቆጣጣሪው «ትንሽ ከፈት አድርገው» ሲሉ ከፈቱት፤ ሦስተኛው ዘንግ አልደረሰም። ሰብሳቢው ረዘም ያለ ዘንግ አዘዙ፤ ዘጠና ሆነ። ሆኖም ሁለት ጎኑ ብቻ እኩል ስለነበር፣ አስቀድሞ ሞልቶ ወደነበረው መሳቢያ ገብቷል። እንጨቱ ተወቅሶ ሌላ እንጨት ቢመጣም ያው ሆኗል። አናጢው «ጌታዬ፣ እነዚህ እኩል የተካፈሉ ወንድማማቾች ናቸው። ለሁሉም ስድሳ ስድሳ ነው፤ አንዱ ልስፋ ካለ እኩልነቱ ቀረ» በማለት አስረድተዋል። ጸሐፊው ስቋል።

ውሳኔ 2፦ የጸሐፊው ሳቅ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ።
ውሳኔ 3፦ ስለ ሁለቱ የጠፉ ጎነ ሦስቶች ማስታወቂያ ይለጠፍ፤ መልካቸውንም ተቆጣጣሪው ይሳሉ።

ተቆጣጣሪው ጠመኔ ተቀብለው ሰሌዳ ላይ ሳሉ፤ አጠፉ። አራት ጊዜ ሳሉ፤ አራት ጊዜ አጠፉ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «የለም እኮ» ብለዋል።

እትዬ ሻንጣቸውን አንስተው የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «እንደሌለማ አውቃለሁ። ቢሆንም ሰኞ ሰኞ አቧራቸውን እጠርግ ነበር። ባዶ ናቸው ተብሎ ይናቃሉ እንዴ?» ጸሐፊው አዝኗል፤ ይህ በቃለ ጉባኤ እንዳይገባ የወሰነ ግን የለም።

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 ተሽረዋል። ሁለቱ ጎነ ሦስቶች አልጠፉም፤ አልነበሩም፤ ሊኖሩም አይችሉም። እትዬ ያለውን በሙሉ፣ የሌለውንም ሳያጎድሉ አስረክበዋል።

ተቆጣጣሪው ፈርመዋል። ስብሰባው 10፡35 ላይ ተበትኗል። ተቆጣጣሪው የእትዬን ሻንጣ እስከ በር ተሸክመው ሸኝተው ሲመለሱ፣ ሁለቱን መሳቢያዎች ሰኞ ሰኞ ራሳቸው እንዲጠርጉ ጠይቀዋል። አጀንዳ ስላልነበረ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ መጥረጊያ ጨርቁ ግን ተሰጥቷቸዋል።