ካብቲን ሃሺምና ጨው የሌለው ዶሮ

ሰው ማርጀቱን የሚያውቀው በመስታወት አይመስለኝም። መስታወት ይለመዳል። ዕድሜን የሚነግረን ሌላው ሰው የሚጠራን ስም ነው። ባለፈው ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሰፈር ስመጣ ሚኒባሱ ላይ አንድ ጎረምሳ «ኻልቲ፣ ጠጋ በይ» አለኝ። ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው። ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ ያ ልጅ ከዓይኔ አልጠፋም። እስከ ትናንት «እህቴ» ሲለኝ የኖረ አገር መቼ ተመካክሮ ነው አክስቱ ያደረገኝ?

ይህን ያስቀደምኩት በካብቲን ሃሺም ላይ ስስቅ በክፋት እንዳይመስላችሁ ነው።

ካብቲን ሃሺም አሠሪዬ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። «እሱ» ማለቴን ይቅር በሉኝ። ዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ ባለቤቱንም ዘበኛውንም «አንተ» ሲሉ ከርሞ ምላስ ይባልጋል። ካብቲን የሚባለውም መርከብ ነድቶ አይደለም። ሱዳን ውስጥ ስፖርተኛ ሁሉ ካብቲን ነው። እሱ ደግሞ በጡንቻው እንጀራውን የበላ ሰው ነው። በወጣትነቱ የሰውነት ቅርጽ ውድድር ላይ እየቀረበ፣ ባሕር ማዶ ሁሉ እየተጋበዘ በሽልማቱ ኖሯል። ሳሎኑ ውስጥ የዚያን ጊዜ ፎቶው ተሰቅሏል። ደረቱ እንደ በር ሰፊ ነው፤ የለበሳት ቁምጣ ግን መሀረብ አታህልም። ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ ሚስቱ ሲት አማል፣ በእኛ ወይዘሮ አማል፣ ፎቶው ፊት የአበባ ማሰሮ ታቆምበታለች።

ውድድሩን ከተወ በኋላ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፖርት ቤት ከፈተ። ደረቱ ቀስ በቀስ ወርዶ ሆዱ ላይ ሰፈረ። በዚህ ማንም አልተቀየመም። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር፤ የሠራሁት ምግብ የት እንደገባ በዓይኔ አየዋለሁ።

አንድ ቀን በገዛ ስፖርት ቤቱ ጋደም ብሎ ብረት ሲያነሳ፣ አዲስ የገባ አንድ ወጣት ሮጦ መጣና «ያ ሐጅ፣ ቆይ ላግዝህ፤ ወገብህን ትጎዳለህ» አለው። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲከበር ሐጅ ይባላል። ካብቲን መካ ሄዶ አያውቅም። ልጁ ግን በአንድ ቃል ላከው።

የዚያን ቀን ማዕድ ላይ ወደ ውድድር ልመለስ ነው አለ። ሲት አማል ከስልኳ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ፎቅ ሲወጣ ደረጃው መሃል ላይ የሚያርፈው ሰውዬ ነው ወይ የሚመለሰው ብላ ጠየቀች። ወዳጆቹም መከሩት፤ ከእኩዮችህ ጋር፣ በአንጋፋዎቹ ምድብ ግባ አሉት። ሽማግሌዎችን አሸንፌ ምን አገኛለሁ አለ። ከወጣቶቹ ጋር ካልሆነ አልቆምም አለ። የማሸነፍ ዕድሉን ብትጠይቁኝ፣ እኔ የማውቀው ስለ ድስት ነው። የድስቱም ነገር ያን ሳምንት ነው የተበላሸው።

ወጥ ቤት ገብቶ አዋጅ አወጀ። ዶሮ ደረቱ ብቻ። ይቀቀል። ዘይት የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ጨው የለም። ዕንቁላል ነጩ ብቻ። እኔ የወሎ ሴት ነኝ፤ ጨው የሌለው ነጭ ዶሮ ሰው ፊት ሳቀርብ አፍሬ ፊቴን አዞር ነበር። አስኳሉስ? ይጣል አለ። የአላህ ሲሳይ ይጣላል እንዴ? ለእኔና ለዘበኛው ቀረ። ካብቲን እየከሳ በሄደ ቁጥር እኛ ሁለታችን ቀሚስና ሸሚዝ ጠበበን።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ዘይነባ፣ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳትሰጪኝ። ብለምንሽ እንኳ» አለኝ።

እሱ ከመሄዱ ሲት አማል መጣች። በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እነዚያ ስፖርት ቤት ያሉ ጎረምሶች ጡንቻ የሚያሳብጥ መርፌ ይወጋሉ፣ የሃሺም አባት የሞተው በልብ ሕመም ነው፣ እባክሽ ክፍሉን ስታጸጂ ተመልከቺልኝ አለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ከዚያ በኋላ አልጋውን ሳነጥፍ ትራሱን አገላብጣለሁ፣ ቦርሳውን እዳብሳለሁ። መርፌ አላገኘሁም። የብስኩት ወረቀት አገኘሁ። አየሁ አላየሁ ሳልል ጣልኩለት።

እንዲህ ስንል አንድ ከሰዓት በኋላ ሲት አማል እንግዳ አለብኝ ብላ ለጊማት እንድጠብስ አዘዘች። ለጊማት ክብ ክብ እየተደረገ በዘይት የሚጠበስ፣ ስኳር የሚነሰነስበት ሊጥ ነው። ትኩሱን ያየ ሰው ጾመኛም ቢሆን ቆም ይላል። ጠብሼ ትሪው ላይ ደርድሬ ስጨርስ ካብቲን ከስፖርት ቤት መጣ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ትሪውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ተመልሶ ትሪውን አየ።

«ዘይነባ፣ አንዷን አቀብይኝ።»

«እንዳትሰጪኝ ብለሃል፣ ካብቲን።»

«ያልኩት ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ ነው። አሁን መች ለመንኩሽ? እያዘዝኩሽ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ጠበቃ ከረሃብ ይወለዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለእንግዳዋ ሌላ እጠብሳለሁ ብዬ ትሪውን አንስቼ በጓሮ በር ወጣሁና ጥላ ሥር ለተቀመጡት የሰፈር ዘበኞች ሰጠኋቸው። ተሻሙበት። ስመለስ ካብቲን የቆመበት ቦታ ቆሟል። ፊቱ ከስቷል፤ የተቆጣ ልጅ ይመስላል።

«ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ። «በቤቴ ትእዛዜ የማይከበር ከሆነ አንቺም እዚህ አትውዪም።»

ይቀልዳል ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ። አልቀለደም። ወደ ክፍሌ ሄጄ ሻንጣዬን አወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። ኮምቦልቻ ልጄን የማስተምረው በዚህ ሥራ ነው። ደግሞ ትእዛዝ አፍርሳ ተባረረች ቢባል ይቀላል፤ ትእዛዝ አክብራ ተባረረች ብዬ ለማን ነው የማወራው?

ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ ይዤ ሐጅ ዩሱፍ ወደ ጓደኛዬ ፋጡማ ዘንድ ሄድኩ። ፋጡማ ነገሩን ሰምታ መጀመሪያ ደረቷን መታች። ቀጥላ ሳቀች። በመጨረሻ ለጊማቱ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጓደኛ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

በማግስቱ ልብስ እያሰጣን ነበር። ቀና ስል ካብቲን ሃሺም በዚያች ጠባብ መንገድ እየመጣ ነው። መኪናው አልገባ ብሎት አስፋልቱ ጋ ትቶት ነው። ትከሻው ሁለቱን አጥር ሊነካ ምንም አልቀረው። እኛ በር ላይ ሲደርስ ሰላምታውን አቀረበ። ከዚያ እኔን ማየት ስላቃተው የፋጡማን ፍየል እያየ፣

«ማዕሊሽ፣ ዘይነባ» አለ።

ይቅርታ ማለቱ ነው። ፍየሏ ማኘኳን ቀጠለች።

«ትናንት የተናገርኩት እኔ አልነበርኩም። ሆዴ ነው።»

«ሆድህ ነገም ይናገራል፣ ካብቲን።»

«ይናገራል። ለዚህ ነው የምፈልግሽ። አማል ልትቀቅልልኝ ሞክራ ጨው ጨመረችበት። በስህተት ነው ትላለች። እኔ አላመንኩም።»

ፋጡማ ከኋላዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ዝም ብለሽ እንዳትሄጂ ማለቷ ነው። እኔም ዓርብ ሙሉ ቀን እረፍት ካላገኘሁ አልመለስም አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ሻንጣዬን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ከፊቴ ሲሄድ፣ የሰፈሩ ሴቶች በየበሩ ወጥተው ሸኙን።

ውድድሩ ሲደርስ ውሃም ቀነሰ። ቆዳው ጡንቻው ላይ እንዲጣበቅ ነው አሉ። ጉንጩ ገባ፣ ድምፁ ሰለለ፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየደገፈ መሄድ ጀመረ። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተንገዳገደና ሲት አማል በእጇ ያዘችው። እኔ ከደረጃው ሥር ቆሜ ነበር።

«ተወው፣ ሃሺም» አለችው። «ለማን ብለህ ነው?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አማል። አልችልም ከሆነ ራሴ ልወቀው። ሰው አይንገረኝ።»

እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። እንደገና የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ቀለሙን ማን ነው የሚቀባህ?» አለች።

መድረክ ላይ የሚወጡት ገላቸውን ጥቁር ቀለም ይቀባሉ፤ መብራቱ ሥር ጡንቻው ጎልቶ እንዲታይ ነው። ካብቲን እኮ ከሰል የመሰለ ሰው ነው። በዚህ ላይ ሌላ ጥቁር! የስፖርት ቤቱ ልጆች ይቀቡኛል አላት።

«ልጆቹ ጀርባህን አያውቁትም» አለች።

በውድድሩ ቀን ሁለቱ ቀለሙን ይዘው መታጠቢያ ቤት ገቡ። መጀመሪያ ስትቆጣው ይሰማኝ ነበር፤ አትንቀሳቀስ፣ ዙር፣ ክንድህን አንሳ። በኋላ ሳቅ ሰማሁ። የእሷን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ለእንግዳ የምትስቀው አለ። ይህ ሌላ ነው። በዚያ ቤት ሰምቼው አላውቅም። ሽንኩርቴን ይዤ ራቅ አልኩ። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ከቀለሙ ሳጸዳ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ቅር አላለኝም።

ሲት አማል አልሄድም ስትል ከርማ የአገሩ ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶቧን ለብሳ ከሁሉ በፊት መኪና ውስጥ ገባች። እኔንም አስከተለችኝ። አዳራሹ ኋላ፣ ጥቂት ሴቶች ያሉበት ተቀመጥን። አምስት ሆነው ወጡ። አራቱ ገና ከመጋገሪያ የወጣ ዳቦ ይመስላሉ። ካብቲን መሃላቸው ቆመ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ የአንገቱ ቆዳና ጉልበቱ ዕድሜውን ይናገራሉ። ጀርባውን ሲያዞር ግን አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላችን አንዱ «ሽማግሌው ደግሞ ማነው?» አለ። ሲት አማል ዞር ብላ «ባሌ ነው» አለችው። ልጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

መጨረሻው አካባቢ የእግሩ ጡንቻ ተሸማቀቀበት። ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታየኛል። ሲት አማል እጄን ጨበጠችኝ፤ ቀለበቷ ጣቴን ወጋኝ። እሱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ፈገግ እንዳለ ቆየ። ፈገግታው የእኔን ዶሮ ሲበላ የሚያሳየኝ ፈገግታ ነው።

አራተኛ ወጣ። የበለጠው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም በዕድሜ ልጁ ይሆናል። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሲት አማል መስኮቱን እያየች፣ አምስተኛ የወጣው ልጅ ምን ብሎ ለእናቱ ይነግራት ይሆን አለች። ካብቲን መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነበር። የመኪናው ወንበር በሙሉ ጥቁር ሆነ።

ለዚያ ቀን ብዬ ከዋዜማው ጀምሬ ያልሠራሁት አልነበረም። ሙላህ የሚሉት የደረቅ ሥጋ ወጥ፣ እንጀራ የመሰለ ስስ ኪስራ፣ በቅመም የታሸ ጠቦት። ገበታውን ሞላሁት። ያ ሁሉ ወር በእጄ ላይ የከረመው ጨውና ቅመም ተራው ደረሰ። ካብቲን እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ከሙላሁ በኪስራ ጠቅልሎ ጎረሰ። አላመጠ። ውሃ ጠየቀ። ደግሞ ከጠቦቱ ቀመሰ። ሳህኑን በቀስታ ገፋ አደረገና፣

«እጅሽ ይባረክ፣ ዘይነባ» አለ። «ጨው ግን አበዛሽበት።»

ወላሂ፣ ድሮ ከማደርገው ቅንጣት አልጨመርኩም። ሲት አማል ቀመሰች፤ ልክ ነው አለች። ዘበኛው ቀመሰ፤ ልክ ነው አለ። ካብቲን ግን ይቅርታ ጠይቆ፣ ከዚያች ዶሮ የተረፈች እንደሆነ አለኝ።

ይኸው አሁን ዓርብ ዓርብ ሐጅ ዩሱፍ ስሄድ ሴቶቹ ይጠይቁኛል። በዚያ ዕድሜ ሰው መመለስ ይችላል ወይ ይሉኛል። ይችላል እላቸዋለሁ። መድረኩ ላይ ተመልሷል፣ ለሚስቱም ተመልሶላታል። ወደ እኔ ድስት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።