የቱ ጎኑ ይሰረጉዳል?

በካርቱም ፀሐይ የጋለ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ክተቱማ። ጥቂት ቆይታችሁ ስታዩት አንድ ጎኑ ሰርጉዷል። ዙሪያውን እኩል ነበር፤ አየሩም ከየአቅጣጫው እኩል ነው የተጫነው። ታዲያ ለምን ያ ጎን? እኛ ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ የተማርን ሰዎች ይህን የሲሜትሪ፣ የእኩልነት መሰበር እንለዋለን። ክብ ነገር ሲጨንቀው ክብነቱን ይተዋል። የት ጋ እንደሚሰረጉድ ግን ስሌቱ አይነግራችሁም። ለዓይን የማትታይ አንዲት ጭረት ትበቃዋለች።

የመመረቂያ ጽሑፌ ይኸው ነበር። ምን ያደርጋል፣ በራሴ ላይ ደረሰ። እኔና ጌታሁን የሚባል ጓደኛዬ በእኩል ውጤት ተመረቅን፤ የረዳት መምህርነቱ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የፋኩልቲው ዲን ጌታሁንን መረጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ እንዲሁ ነው አለኝ። ይህችን «እንዲሁ» ሳኝካት ሃያ ዓመት ሆነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ስልክ ጥገና ቤት በር ላይ ተቀምጬ፣ ዐረብኛ ለከበዳቸው ያገሬ ልጆች አስተረጉማለሁ። በቀደም አንዲት ሱዳናዊት አንድ የቤት ሠራተኛ ላክልኝ አለችኝ። ሶባ ከሚባለው የከተማው ዳርቻ ሁለት ልጆች መጡ፤ ዘይነባና ሐዋ፣ የወሎ ልጆች፣ የእህትማማች ልጆች። ዕድሜያቸው እኩል፣ ሙያቸው እኩል። ሁለቱም ሥራ ፈተው ሰው ቤት ተጠግተዋል። አንቺ ሂጂ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እኔም ዲን ልሆን ነው?

እናም ነገሩን ሁሉ፣ ከጠርሙሱ እስከ ጌታሁን፣ አስረዳኋቸው። ሐዋ አዛጋች። ዘይነባ ታግሣ ሰማችኝና፣

«ጋሼ፣ አንድ ወር እሷ፣ አንድ ወር እኔ። ያላ፣ ይበሉ ይደውሉላት» አለች።

ደወልኩ። ሴትዮዋ ቤቷ እስከጸዳ ድረስ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አለች። በቃ፣ አለቀ።

ሊሄዱ ሲሉ ሐዋ ዞር አለች። «እርስዎና ያ ጓደኛዎስ እንዲህ እንካፈል አልተባባሉም?»

ዲኑ መቼ ይፈቅዳል አልኳት።

ለእናንተ ምን እደብቃለሁ። ጌታሁን የተመረጠ ዕለት ማታውኑ ቤቴ መጥቶ ነበር። አንዱን ሴሚስተር አንተ፣ አንዱን እኔ እናስተምር፤ ዲኑም እሺ ብሏል አለኝ። በሩን ዘጋሁበት። ሙሉውን ነበር የፈለግሁት።

ዲኑን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።