የላላው ቋጠሮ

እያገዘች የምታዘገይ ሴት አጋጥማችሁ ታውቃለች? እኔ አንዷን በደንብ አውቃታለሁ፤ በየጠዋቱ ፊቷን የማጥብላት እኔው ነኝ።

የልጅ ልጄ ሰናይትና የክፍል ጓደኞቿ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለማግኘት ያመለክታሉ። ለማመልከቻው ክፍያ እንዲሆናቸው ለሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት ሠርተው ሊሸጡ ተነሡ። አስተማሪያቸው እኔ ሆንኩ። ታዲያ ልጅቷን ከቤቴ የሚያስወጣ ሙያ በገዛ እጄ ላስተምር? የመጨረሻውን ቋጠሮ ሆን ብዬ አላላሁት።

በዋዜማው ቀለበቶቹ ገዢዎች ጣት ላይ ተፈቱ። አንዲት እናት፣ “ይሄ ቀለበት ነው ወይስ የመጥረጊያ ቁራጭ?” ብላ ሰናይት ላይ ወረወረችው።

ሰናይት ቤት ስትመለስ አላለቀሰችም። “ይሁን፣ ዓባየይ። ካልተሸጠ የጎረቤታችን ልጅ በሊቢያ በኩል የሚወስድ ሰው ያውቃል” አለች፣ ውኃ ልትቀዳ እንደምትወጣ ሁሉ ቀለል አድርጋ።

እስከዚያች ሰዓት የምፈራው እሷን ይዞ ከቁሓ አየር ማረፊያ የሚነሣውን አውሮፕላን ብቻ ነበር።

“ዘንባባውን አምጪው፣ ጓለይ። ቋጠሮው ተሳስቶኛል።”

“አንቺም ትሳሳቻለሽ እንዴ?”

ጥርሴን ነክሼ ቋጠሮውን አጠበቅኩት። ሰናይት በሙሉ ኃይሏ ሳበችው፤ አልተፈታም።

“አሁንማ ይሸጣል!” አለች።

እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዘንባባ ስሰነጥቅ ቀና ብዬ አላየኋትም።