ያለ ነዳጅ ወደ ዶርዜ የተደረገው ዘመቻ

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ በመሥሪያ ቤቶች ሁሉ ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፣ የዓለም ዋንጫ በአፍሪቃ ምድር በተደረገበት በወርኃ ሰኔ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ የኪነት ቡድን አስተባባሪ የነበሩት፣ ክራር ደርዳሪው፣ ቁጣ አብራጁ፣ በስብሰባ ብዛት የማይዝሉት አቶ ሸዋንዳኝ ወልደ ሽበሺ የሠሩትን ሥራ እጽፋለሁ። የምጽፈው እኔ ደካማዋ ሰብለ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ የምመዘግብ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ደመወዜ የሚወጣው ከዚያው ነውና። ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጻፍሁም፤ እኔም በዓሣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አብሬ ዘምቻለሁና።

አቶ ሸዋንዳኝ በቁመታቸው ረዥም፣ በአካላቸው ቀጭን፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ዓመት፣ ከላይኛው ጥርሳቸው አንዱ የጎደለ ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ክራር መትተዋል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን የመቱት ስብሰባ ሲከፈት ነው። ስብሰባ ሲከፈት ደግሞ ሰው ዘፈን አይሰማም፤ ወንበር ይጎትታል፣ አጀንዳ ያገላብጣል፣ ጎረቤቱን የሻይ ሰዓት መቼ እንደሆነ ይጠይቃል። እርሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመቱ ነበር።

ወእምዝ፣ ይኸውም ከዚህ በኋላ፣ ሰኔ ስምንት ቀን የበጀት ሥራ ሂደት ባለቤት ከሆኑት ከአቶ ተክለወልድ ዘንድ አዋጅ ወጣ። አዋጁ በሦስት ኮፒ የተጻፈ ነበር፤ አንዱን በቁጥር መዘገብሁት። ቃሉም እንዲህ ይላል፦

«ለኪነት ቡድን። ከሦስተኛው ሩብ ዓመት ጀምሮ የነዳጅ፣ የውሎ አበልና የአልባሳት ወጪያችሁ መሰረዙ ይታወቃል። አሁንም በአራተኛው ሩብ ዓመት አንድም ትርኢት ያላቀረበ ከሆነ ክፍሉ ሰኔ ሠላሳ ቀን የሚታጠፍ፣ ሠራተኞቹም ወደ ሌላ ሥራ የሚመደቡ፣ ንብረቱም ወደ ግምጃ ቤት ገቢ የሚደረግ መሆኑን እናስታውቃለን። ከሰላምታ ጋር።»

ምደባው በአባሪነት ተያይዞ ነበር። ድምፅዋ እንደ ማር የሚንጠባጠበው ሉሊት ለፎቶ ኮፒ ማሽን ተሰጠች። ከበሮ መቺው አጵሎስ በር ላይ ፈታሽ ሆነ። አቶ ሸዋንዳኝ ራሳቸው የመኪኖችን መውጫና መግቢያ እንዲመዘግቡ ታዘዙ። ክራራቸውም በንብረት ዝርዝሩ ላይ «ባለ አምስት ክር የእንጨት ዕቃ፣ ያገለገለ» ተብሎ ተጽፎ በዓይኔ አየሁ።

የቡድኑ ዘጠኝ አባላት በልምምድ ክፍሉ ተሰበሰቡ። በዕቅዳቸው የቀረች አንዲት ትርኢት ነበረች፤ እርስዋም በዶርዜ ገበያ፣ ሐሙስ ሰኔ ዐሥራ ሰባት ቀን የምትቀርብ ነበረች። ዶርዜ ደግሞ ደጋ ናት፤ ወደ እርስዋ የሚያወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ የቡድኑ መኪና ደግሞ ያለ ነዳጅ በማንጎ ዛፍ ሥር ከቆመ አምስት ወር ሆኖት በጎማው ዙሪያ ሣር በቅሏል። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ እኔ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ጡረታ ልወጣ ነው?» አለች ሉሊት።

አቶ ሸዋንዳኝ ክራራቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ከዚያም ተነሥተው አዋጅ ነገሩ፦ «ስሙ! የተቆረጠው ነዳጅ ነው፤ ጉሮሮ አልተቆረጠም። ሐሙስ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከጫሞ በሚመጣው መንገድ አፍ ላይ ተገኙ። የቀረ ሰው ፎቶ ኮፒው ይኑርለት።»

ይህን ብለው ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እየጫነ ወደ ጨንቻ ምግብ ቤቶች ወደሚያመላልሰው ወደ ሾፌሩ ወደ ካሱ ሄዱ፤ ፒካፑ በዶርዜ በኩል ያልፋልና። ካሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ሰው አልጭንም። እኔ የምጭነው ዓሣ ነው።»

«እኛ ከዓሣ በምን እንበልጣለን?» አሉት።

ካሱ አሰበና እሺ አለ።

አሜሃ፣ ማለት በዚያን ጊዜ፣ የሠራዊቱ አሰላለፍ እንዲህ ነበር። ጉሮሮዋን ነፋስ እንዳይመታት ሉሊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። ከኋላ በቀኝ ክንፍ አጵሎስ ከበሮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር፤ እርሱም እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ለመዘምራን ኪቦርድ የሚጫወት የተባረከ ሰው ነው። በግራ ክንፍ ሁለቱ የቀርከሃ ዋሽንት ነፊዎች ነበሩ። በመሐል አራቱ ተወዛዋዦች በየዓሣ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። በደጀንነት እኔ የሆነውን ለሪፖርቱ ልመዘግብ ደብተሬን በብብቴ ይዤ በመጨረሻው ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። ከእግራችንም በታች ሁለት መቶ የሚሆኑ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉ ዓሦች በበረዶ ተሸፍነው፣ ያለ አንዳች ማጉረምረም፣ ያለ ውሎ አበልም፣ አብረውን ዘመቱ። አቶ ሸዋንዳኝ ብቻ አልተቀመጡም፤ ክራራቸውን በፌስታል ሸፍነው ከፍ አድርገው እንደያዙ ቆመው ሄዱ።

የሙዙን ማሳ ከኋላችን ትተን ዳገቱን ስንጀምር ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ጉሙም ከካፊያ ጋር ወረደ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር በአንድ ጠመዝማዛ ላይ ፒካፑ ጭቃ ያዘውና ጎማው ባዶውን ዞረ። ካሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ፦ «ሰው ይውረድና ይግፋ! ዓሣው ባለበት ይቀመጥ!»

ሰው ወርዶ ገፋ። አቶ ሸዋንዳኝም በአንድ እጃቸው እየገፉ፣ በሌላው እጃቸው ክራሩን ወደ ሰማይ እንዳነሡ፣ ፒካፑ ድንገት ወደ ፊት ሲፈናጠር በደረታቸው ወደቁ፤ ክራሩን የያዘችው እጅ ግን አልወደቀችም። የግራ ጫማቸው በጭቃው ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ብንቆፍር ብንፈልግ አጣነው፤ ካሱም ዓሣው ይበላሽብኛል እያለ አጣደፈን። ያ ስፍራ በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ «ጫማ የዋጠው» ይባላል።

ዶርዜ ገበያ ስንደርስ ረፋድ ነበር። ካሱ አራገፈንና ወደ ጨንቻ ዓሣውን ይዞ ሄደ፤ ሽታው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ሸማኔዎቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ሽንኩርትና ገብሳቸውን ዘርግተው ነበር። ገና ሳንደራጅ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ መጣች፤ ሌላዋም ከኋላዋ ቆመች፤ ጥቂት ቆይቶ አርባ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ፊታችን ቆመ። አቶ ሸዋንዳኝ ደስ ብሏቸው ክራሩን ከፌስታሉ አወጡ።

«ዓሣው ስንት ነው?» አለች ባለቅርጫቷ።

እርሳቸውም ለሕዝቡ አዋጅ ነገሩ፦ «እናቶቼ፣ ዓሣው ወደ ጨንቻ አልፏል። እኛ የያዝነው ዘፈን ነው!»

«ዘፈኑስ ስንት ነው?»

«በነጻ ነው።»

«በነጻ ከሆነማ አንድ ነገር አለበት» ብላ ሄደች። ሰልፉም ተከትሏት ሄደ።

አጵሎስ ያን ጊዜ ከበሮውን መታ፤ ቆዳው ግን በመንገድ ላይ ካፊያ ጠግቦ ስለነበር እርጥብ ልብስ በድንጋይ ላይ እንደሚወቃ ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛም መታ። «ጋሼ፣ ከበሮው ሞቷል» አለ።

አቶ ሸዋንዳኝ በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባዶ እግራቸው በጭቃ እንደ ተለሰነ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አይቼም ደብተሬን አጠፍሁ፤ ሁሉ ነገር አይጻፍምና።

በዚያ ገበያ ዳልጮ የሚባሉ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ፤ ቤታቸው እንደ ንብ ቀፎ የቆመ፣ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ለገበያው ቅርብ ነበረ። ከሥራቸው ተነሥተው መጡና ከበሮውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ከበሮ አይሞትም» አሉ። «በርዶት ነው። ወደ ቤት አምጡት፤ ሰውዬውንም አብራችሁ አምጡት፤ እርሱም በርዶታል።»

በዚያ ቤት ውስጥ ከበሮውን ከእሳቱ ጎን አቁመን እንደ በሽተኛ እያገላበጥን አሞቅነው። የዳልጮ ባለቤት የአቶ ሸዋንዳኝን እግር አጠቡላቸው፤ ቆጮ ከዳጣ ጋር አቀረቡልን፤ የዳጣው ቃሪያ ዓይናችንን አስለቅሶ ልባችንን መለሰልን። አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ዳልጮ ከበሮውን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው መቱት። ድምፁ በበሩ ወጥቶ ገበያውን ዞረ፤ ሽንኩርት የሚመዝን ሰው ሚዛኑን እንደያዘ ዘወር አለ።

ከዚህ በኋላ ጦርነቱ ሆነ። ሉሊት በጋሞኛ የሸማኔ ዘፈን አነሣች፤ ማይክ አልነበረም፤ አላስፈለገምም። ሴቶቹ ከየመደባቸው ተቀበሏት። ነፊዎቹ ነፉ፣ ተወዛዋዦቹ ጭቃውን ረገጡት፣ አቶ ሸዋንዳኝ በአንድ ጫማ ቆመው ክራሩን መቱ። ዘፈኑ ሲያልቅ ያቺ ባለቅርጫት ሰዉን በክርኗ ገፍታ ወደ ፊት መጣች።

«ድገሙት!» አለች።

ይህ ቃል በሃያ ሰባት ዓመት የስብሰባ መክፈቻ ሁሉ ተብሎ አያውቅም። አቶ ሸዋንዳኝ ደገሙት፤ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። ሦስት ጊዜም ተደገመ። ትርኢቱ ስለመቅረቡ ማረጋገጫ የሚሰጡት የቀበሌው ሊቀ መንበር በእስክስታው መሐል ስለተገኙ፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ማኅተሙን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ወረቀቱን በከበሮው ላይ አስደግፈው መቱልን።

ሪፖርቱ ገባ፤ እኔው መዘገብሁት። ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀንም ከአቶ ተክለወልድ ዘንድ ሁለተኛ አዋጅ ወጣ፦ «ቡድኑ ያለ ነዳጅ፣ ያለ ውሎ አበልና ያለ አልባሳት ዕቅዱን መቶ በመቶ ማከናወኑ በወጪ ቆጣቢነት አርአያ ያደርገዋል። ስለሆነም ክፍሉ እንዳይታጠፍ፣ የምስክር ወረቀትም እንዲሰጠው ተወስኗል። ያለ በጀት መሥራት እንደሚችል ስለተረጋገጠም የመጪው ዓመት በጀቱ ዜሮ ሆኗል። ከሰላምታ ጋር።»

ሉሊት ደብዳቤውን አንብባ ለአቶ ሸዋንዳኝ ሰጠቻቸው። «ጋሼ፣ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን?»

«ገና አላወቅሁም» አሉ። «እስቲ እንደገና ላንብበው።» ሦስት ጊዜ አነበቡት። በሦስተኛው ፈገግ አሉ፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩንም።

በሐምሌ የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ ስብሰባ ደረሰና ቡድኑ እንደ ልማዱ መክፈቻ ዘፈን እንዲያቀርብ የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። አቶ ሸዋንዳኝ አጠገቤ ቆመው መልስ አስጻፉኝ፦ «የቡድኑ ያለፈው ዓመት ዕቅድ መቶ በመቶ ተከናውኗል። ለአዲሱ ዓመት በዜሮ በጀት የታቀደው ዜሮ ትርኢት ነው። ስለዚህ የተጠየቀው ዘፈን በዕቅድ ያልተያዘ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። ከሰላምታ ጋር።» ቁጥር ሰጠሁት፤ ማኅተም መታሁበት፤ ላክሁት። በሥራ ብዛት ማንም አላነበበውም።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። መድረክ መሪው «በኪነት ቡድናችን ጣዕመ ዜማ እንጀምራለን» ብሎ ዘወር ቢል መድረኩ ባዶ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ሰው አጨብጭቦ መልሶ ተወው። ወንበር የሚጎትት እንኳ ጠፋ። ከምዕራብ ዓባያ የመጡ ተሰብሳቢ በመጨረሻ፣ «ዘንድሮ ዘፈን የለም እንዴ? ታዲያ መጀመሩን በምን እንወቅ?» አሉ።

በሻይ ሰዓት አቶ ተክለወልድ ብቻቸውን ወደ ልምምድ ክፍሉ መጡ። ዘጠኙም ልምምድ ላይ ነበሩ።

«ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ምን ይሻላል?»

«አቶ ተክለወልድ፣ ዕቅድና በጀት ነው የሚሻለው።»

ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተደራደሩ። በመጨረሻም ስምምነት ሆነ፤ በዓመት አርባ ሊትር ነዳጅና አንድ የከበሮ ቆዳ ተፈቀደ፤ ውሎ አበል አልተፈቀደም። አቶ ተክለወልድ ፈረሙ። ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው ከመለሱ በኋላ ግን አልሄዱም።

«ዶርዜ ላይ የዘፈናችሁት የትኛውን ነው?» አሉ።

ዘፈኑን አነሡላቸው። በአዳራሹ ስብሰባው እየጠበቃቸው፣ እርሳቸው በሩን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።

እንግዲህ ምሽግ የሰበሩትን፣ ባሕር የተሻገሩትን ሌሎች ጸሐፍት ያመስግኑ። እኔ ሰብለ የማመሰግነው አርባ ሊትር ያስመለሱትን፣ ያለ ጥይት በአንዲት ወጪ ደብዳቤ አዳራሽ ጸጥ ያሰኙትን፣ ዜሮን በዜሮ ያሸነፉትን ታላቁን አቶ ሸዋንዳኝን ነው። ዕድሜያቸው እንደ ዓባያ ዳርቻ ይርዘም፤ ጣታቸው አይድረቅ፤ የእርከን ጭማሪያቸው በጊዜው ይድረስ። አሜን የሚል ሁሉ ከዚህ በታች ይፈርም።