ሽንኩርቱ ይውጣ ወይስ እኔ

በሽታም እንደ ጫማ ቁጥር ያለው ይመስለኝ ነበር። ጉድፍ የሕፃን፣ ወገብ የአሮጊት፣ ጨጓራ የአስተማሪ። እናንተስ እንደዚያ አይመስላችሁም? ታዲያ እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ፣ መስታወት ፊት አንድ ሰዓት እየቆምኩ “ይቺ ልጅ ምን ነካት” በምባልበት ዕድሜ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን በሽታ ምን ቤት ነኝ ብሎ መጣ? ይምጣ እሺ። ቀን አይመርጥም?

መርጧል ለካ። የግማሽ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት በተዘጋ በማግስቱ ነው የመጣው። ትምህርት እያለ ቢሆን ኖሮ፣ በተለይ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ወንበር ስቤ “አረፍ በል” እለው ነበር። በዚያ የሁለት ሳምንት እረፍት ደግሞ እህቴ ትዕግሥት ልትዳር ነው። እኔ ሚዜ ነኝ። ሚዜም ብቻ አይደለሁም። ሙሽራው ሲመጣ በር ዘግተው “አናስገባም” የሚሉ ሴቶች አሉ አይደል? ከእነሱ ፊት ቆሜ ዘፈኑን የማወርደው እኔ ነኝ። ድምፄን የወሰድኩት ከአባቴ ነው፤ እሱ እዚሁ ጎንደር ከተማ መሪጌታ ነው። እሱ ድምፁን ለቤተ ክርስቲያን ነው የሚያውለው፤ እኔ ለሠርግ። ያው ነው፣ ሁለቱም ምስጋና ነው እለዋለሁ።

ለዘፈኑ ብቻ የምንገበገብ እንዳይመስላችሁ ግን። ሙሽራው መልካሙ የአዲ አርቃይ ነጋዴ ነው። ትዕግሥትን ይዟት የሚሄደው ከሊማሊሞ ማዶ፣ ወደዚያ ቆላ ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እኔና እሷ የተኛነው አንድ አልጋ ላይ ነው። ከቤት ስትወጣ እጇን ይዤ የማወጣት እኔ እንድሆን ተማምለናል። “አንቺ ከሌለሽ አልወጣም” ብላኛለች። እንደማትቀር ባውቅም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሆዴ ላይ ሦስት ቀይ ነጥብ አየሁ። እናቴ ቁንጫ ነው አለች። ማታ ላይ ቁንጫው አንገቴ ደረሰ። እሑድ ሲነጋ ፊቴን አይታ አማተበችና እትዬ ዘነቡን አስጠራች።

እትዬ ዘነቡ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ በስንት እንዳለፉት ግን አይጠየቅም። በሰፈራችን ሕፃን ሲያተኩሰው ከሐኪም በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አገጬን ይዘው ወዲህና ወዲያ አዟዟሩኝ፣ ግንባሬን ዳሰሱ፣ ከዚያ “ጉድፍ ነው” አሉ። ቀጥለው ወደ ጓሮው ዞሩና ፊታቸው ተለወጠ።

“ቁሌት እንዳይሸታት” አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ የሚወጣው ሽታ የባለ ጉድፍ ጠላት ነው ይባላል። ከሸተታት ጉድፉ ደንግጦ ወደ ውስጥ ይገባባታል፤ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ብቻ አይሸታት ነው። ጥሩ። ጓሯችን ውስጥ ግን ያን ጊዜ ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ነበር። እኛ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የምንል ሰዎች አይደለንም፤ ልጣጩና ክትፊያው ተጀምሯል፤ ድስቶቹ ከየጎረቤቱ ተለቃቅመዋል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሊቁላላ ነው።

አባቴ ለማንኛውም ብሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። እዚያ ያገኘነው ወጣት ነርስ አየኝና ሳቀ፤ ዘግይቶብሻል አለኝ። ማከክ ክልክል ነው አለ። እርጉዝና ሕፃን አጠገቧ አይድረስ፤ ሁሉም ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ ግን አይጋባም፤ ሳምንት ቢቆይ ነው አለ። ቤት ስንመለስ አባቴ ይህን አንድ በአንድ ተናገረ።

“ስለ ሽንኩርቱስ ምን አለ?” አሉ እትዬ ዘነቡ።

ምንም አላለም አላቸው።

“እንግዲያው አልተማረም” አሉ። የነርሱ ነገር በዚሁ ተዘጋ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኔ ሰው ላይ እንዳላጋባ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ ጉድፍ ያልነካው ቦታ ፈልገው ግንባሬን ይስሙኛል፣ እግዜር ይማርሽ ይሉኛል። ከመግባታቸው በፊት ግን እጃቸውን በሎሚ ይታጠባሉ፤ ሽንኩርት እንዳይሸተኝ። እትዬ ዘነቡማ አጠገቤ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ እጄን ይዘውኝ ዋሉ፤ እንዳላክ።

ማታ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ሽንኩርቱ ይውጣ ወይስ እኔ? ሽንኩርቱ ሦስት ኩንታል ነው፤ እኔ ሃምሳ ኪሎ አልሞላም። አባቴ ትንሽ ተከራከረልኝ። ማኅሌት ላይ ሲቆም ድምፁ ከደብሩ አልፎ ወንዙ ማዶ የሚሰማ ሰው፣ በታላቅ እህቱ ፊት ግን ያንሾካሹካል። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞሮ “ኢትፍርሂ ወለትየ” አለኝ፤ አትፍሪ ልጄ ማለቱ ነው። በግዕዝ ሲያጽናናኝ ያኔ እንደተሸነፍን አወቅሁ።

ደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ፣ የእናቴ ወንድም አያ ደምሌ ዘንድ ትሂድ ተባለ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ገብስና ከብት እንጂ ሌላ የለም አሉ እትዬ ዘነቡ። እናቴ ብርድ ልብስ ስትጠቀልልልኝ እኔ ሰማያዊ የሚዜ ቀሚሴን ቦርሳዬ ሥር ወሸቅሁት። ለምን? አላውቅም። እጄ ነው ያደረገው።

ሰኞ ጠዋት በነጠላ እስከ ዓይኔ ተጀቡኜ ኮሶዬ ወረድኩ። የማኪናው በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ አልነበረም። ቁሌት ነበር። እትዬ ዘነቡ ኮሶዬን ያዩት በልጅነታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የአያ ደምሌ ሚስት መንገዱ ዳር ምግብ ቤት ከፍታለች። ወደ ደባርቅ የሚያልፈው ማኪና ሁሉ እሷ በር ላይ ይቆማል፤ ሽንኩርቱ ከንጋት እስከ ማታ ከእሳት አይወርድም። እኔ የምተኛበት ክፍል ከማድ ቤቱ የሚለየው በአንድ ጭቃ ግድግዳ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

አያ ደምሌ ፊቴን አይቶ ሐሳቤ ገባው።

“ምነው ልጄ፣ የሚያልፈው ሰው ምን ይብላ? ሽታውስ ቢሆን ሸጋ አይደለም?” አለኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ “ለዘነቡ እንዳትነግሪብኝ” አለ።

እትዬ ዘነቡ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። አያ ደምሌ ስልኩን የሚያነሳው ሁልጊዜ እድስቱ አጠገብ ቆሞ ነው። ኧረ እዚህ ሽንኩርት የሚባል የለም፣ ልጅቱ ቀዝቃዛ አየር እየሳበች ነው ይላቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ምንድን ነው የሚንቻቻው ብለው ያዙት። ዝናብ ነው አለ። በጥር ወር። እሳቸውም ኮሶዬ እኮ ደጋ ነው ብለው አመኑት።

ሲያሳክክ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ? አልነግራችሁም። ብቻ ትራሱን ነከስኩ፣ ግድግዳውን ቧጠጥኩ፣ አላከክሁም። ሐሙስ መድረቅ ጀመረ። ቅዳሜ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን መጣች፤ ጀርባዬን ሳይቀር አገላብጣ አይታ፣ አንዲትም እርጥብ የለም፣ አይጋባም አለችኝ። እየዘለልኩ ቤት ደወልኩ። እናቴ እልል ልትል ስትል ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ቁሌት ያለበት ቤት አትገባም አሉ እትዬ ዘነቡ። ደምሌ ለሠርጉ ብቻውን ይምጣ፤ የሚዜነቱን ቦታ የጎረቤት ልጅ ትሸፍነዋለች አሉ። ከኋላቸው ትዕግሥት ስታለቅስ ይሰማኛል።

ትሸፍነዋለች? እኔ የድስት ክዳን ነኝ?

ስልኩን ዘግቼ ማድ ቤት ገባሁ። ትልቁ ድስት ላይ አጎነበስኩና ቁሌቱን ሦስት ጊዜ በረጅሙ ሳብኩት። ቆምኩና ጠበቅሁ። ሞትኩ? አልሞትኩም። እንዲያውም ራበኝ። የአያ ደምሌ ሚስት ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ በቁሌቱ እያጠቀስኩ በላሁና፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ማንም እሺ አላለኝም። ማንንም አልጠየቅሁም።

እሑድ ጠዋት ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ መንገድ ዳር ቆምኩ። ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር ሌላ መንገድ የለም እኮ፤ የሙሽራው ሰዎች በእኛ በር ነው የሚያልፉት። በሌሊት የተነሣ ሰው ደግሞ ኮሶዬ ሲደርስ ይርበዋል። እንዳሰብኩት አበባ የታሰረባቸው ማኪናዎች እየተንፏቀቁ መጥተው ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። መልካሙ ክራባቱን በእጁ ይዞ ወረደ። አየኝና ደነገጠ። ደርቋል፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ አይጋባም ብላለች፣ ብትፈልግ ጠይቃት አልኩት።

“እኔ በልጅነቴ ወጥቶልኛል። ጥብሳችንን በልተን እንውሰድሽ” አለ።

ትዕግሥት ደህና ሰው እንዳገባች ያወቅሁት ያኔ ነው። አያ ደምሌ ጋቢውን አጣፍቶ አጠገቤ ቆሞ ሲያመነታ ቆየ። በመጨረሻ “እኔ አላየሁሽም” አለኝና ሌላ ማኪና ውስጥ ገባ።

ጉድና ጅራት በስተኋላ ነው። ቤታችን በር ስንደርስ ሴቶቹ ተደርድረው በሩን ዘግተዋል። የጎረቤት ልጅ ከፊት ቆማ ታወርዳለች፤ ድምፅዋ ከከበሮው ሥር ገብቶ ጠፍቷል። እትዬ ዘነቡ መሐል ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እኔ የት ነኝ? ከሙሽራው ጎን። በገዛ ቤቴ በር ላይ፣ በገዛ ዘፈኔ፣ አናስገባም እየተባልኩ።

እትዬ ዘነቡ ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ ጭብጨባውን አቆሙ። ተመለሽ ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። እንቢ አልኩ። የበሩ ደንብ ይታወቃል፤ ውጭ ያለ ሰው በግጥም ይለምናል እንጂ አይመለስም። አየር ሳብኩና በአባቴ ድምፅ ለቀቅሁት፦

በራችሁን ክፈቱ ጉድፌ ደርቋል፣
ኮሶዬም ሽንኩርቱ ሲቁላላ ከርሟል።

ሰርገኛው ተቀበለ። በር የዘጉት ሴቶች ሳይቀሩ ተቀበሉ። እትዬ ዘነቡ ግን ቀስ ብለው በሰርገኛው መሐል አያ ደምሌን ፈለጉት። ከአንድ ጃንጥላ ኋላ ተሸሽጎ ነበር።

“ዝናብ ነው አልከኝ” አሉት።

እሱ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ምክንያቱም ትዕግሥት ድምፄን ሰምታ ኖሮ፣ ቬሏን በክንዷ ጠቅልላ፣ በነጭ ጫማዋ አቧራውን እየረገጠች ከውስጥ ሮጣ መጣች። ሙሽራ በር ድረስ ወጥታ ሚዜ ስታስገባ ታይቶ አይታወቅም። ሴቶቹን ገፍታ እጄን ያዘችና ሳበችኝ። እኔ ገባሁ። መልካሙ ላይ በሩን መልሰው ዘጉበት። እኔም ዞሬ ቦታዬን ያዝኩና፣ ጥብሱን ያበላኝን ሰው ግማሽ ሰዓት አናስገባም አልኩት። ሥራ ሥራ ነው።

ፎቶ አንሺው ፊቴ ላይ ያሉትን ነጥቦች በኮምፒውተር ላጥፋልሽ አለኝ። ከልክዬዋለሁ። እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ እንደ ቆቅ ተዥጎርጉሬ ከእህቴ ጎን ቆሜያለሁ። ከሰዓት በኋላ እንደተማማልነው እጇን ይዤ አወጣኋት። ማኪናው ሲታጠፍ አለቀስኩ። እንባ ለቅርፊት ጥሩ አይደለም፣ ያሳክካል። ያን ጊዜም አላከክሁም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ያገሬ ሰው። ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ እትዬ ዘነቡ አንገታቸው ላይ ሦስት ቀይ ነጥብ ወጣ። ቁንጫ ነው አሉ። ማታ ግን ከእኛ ቤት ተኙ፤ ለካ የመንደሩን ሕፃን ሁሉ ሲያስታምሙ የኖሩት ሴት ራሳቸው በልጅነታቸው ወጥቶላቸው አያውቅም። ቀኑን ሙሉ እጄን ይዘውኝ የዋሉት እሳቸው አይደሉ? አዘንኩላቸው፤ እውነቴን ነው። ግን እናቴ ለሽሮ ሽንኩርት ክተፊ ስትለኝ ክፍላቸው በር ላይ ሄጄ በትሕትና ቆምኩ።

“እትዬ፣ ኮሶዬ ይሂዱ ወይስ ሽንኩርቱን ላውጣው?” አልኳቸው።

በዚህ ዕድሜዬ የኮሶዬን ብርድ ልትሰጪኝ ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩና፣ እንዳይሸታቸው በሩን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ማቁላላት ጀመርኩ። ብዙም አልቆየ፣ ከአልጋቸው ሆነው ተጣሩ።

“በሩን ክፈቺው እንጂ ልጄ፤ ሽታው ምግብ እንዲያሰኘኝ።”

ከፈትኩት። ሁለት ሳህን በሉ። ጉድፋቸውም ወደ ውስጥ አልገባም፤ እንደ እኔው በሳምንቱ ደረቀ። እኔም የሕክምናውን ምሥጢር ያኔ ደረስኩበት። ቁሌት ባለ ጉድፍን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ታናሽ የሆነውን ብቻ ነው።